ካዝሚሩን የቀጠፈ እጅ

ለመሆኑ አንባቢ ሆይ፣ ፍሬ ስትበላ የቀጠፈው እጅ የማን እንደ ሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ?

አልጠየቅህም። ትመርጣለህ፣ ትከራከራለህ፣ በጋቢህ ጫፍ ጠረግ ታደርግና ትገምጣለህ። ከጣፈጠህም «የተከለው እጅ ይባረክ» ትላለህ። ያ የባረክኸው እጅ አንድ ቀን ለሰላምታ ሲዘረጋልህ ግን ምን ታደርጋለህ? እኔ የምጠይቅህ ይህን ነው። ይህን ታሪክ የምጽፈው ላስለቅስህ ብዬ አይደለም። ማልቀስ ካማረህ አልቅስ፣ እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። እኔን ብዕር ያስያዘኝ ንዴት ነው። ንዴቴን ለጥቂት ጊዜ እንኳ ዝም ያሰኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ያለው የአንድ ባልና ሚስት ጓሮ ነው።

ጓሮ ያልሁት ሌላ ቃል አጥቼ ነው። ከላይ መንገዱ አቧራና ባሕር ዛፍ ነው። የቆርቆሮ በሯን ገፍቶ የገባ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዝም ማለት ነው። ወሬኛውም ዝም ይላል፣ ሰካራሙም ዝም ይላል። በጥቅምት ውርጭ የሰፈሩ ጎመን ሁሉ ተቃጥሎ ሲያድር፣ እዚያ ግድግዳ ሥር ብርቱካን ያብባል። ግድግዳው የተሠራው ከጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት መልሶ ይተነፍሰዋል። ትርንጎው የሕፃን ራስ የሚያህል ፍሬ ተሸክሞ ቅርንጫፉ መሬት ነክቷል። ኮኩና ፕሪሙ ከእንሰቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ከሁሉም መካከል፣ እንደ አድባር ጥላውን ዘርግቶ፣ ካዝሚሩ አለ።

ካዝሚር ቂመኛ ፍሬ ነው። ውጩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ነጭ፣ አፍ ውስጥ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ነው። ነገር ግን በጣት ጫን ካሉት አይረሳም፤ የተነካው ቦታ ይጠቁራል፣ ውስጡም ይመራል። ገበያ የሚወጣ ካዝሚር ሁሉ የሰው ጣት ታትሞበት ነው የሚወጣው። የዚህ ጓሮ ካዝሚር ግን አንድም ምልክት ኖሮበት አያውቅም። ሰፈሩ ይህን ሲያይ ይደነቅ ነበር። «የእማማ ፀዳለ እጅ የመልአክ እጅ ነው» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ፀዳለ ይገዙና ባሏ አቶ ወዬሳ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ይህ ጓሮ ነው። አይሸጡም። በሩ ላይ ቅርጫት ይንጠለጠላል፤ ያለፈ ሁሉ ያነሣል። ችግኝ የፈለገ ችግኝ ይወስዳል። «ማን ተከለው?» ብሎ ለጠየቀ ፀዳለ «እኔ ነኝ» ትላለች። ይህን በምትልበት ጊዜ ወዬሳ አጠገቧ የለም። የበሩ ማጠፊያ ሲንቋረር ከሰማ፣ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ወደ እንሰቱ ጀርባ ይሄዳል።

የሚሄደው እጆቹን ይዞ ነው።

*

ፀዳለ የቀኛዝማች ይገዙ ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለ ሞተችባት ያሳደገቻት ታላቅ እኅቷ ጽጌማርያም ነች። ፀጉሯን እየጎነጎነች፣ እንባዋን እየጠረገች አሳደገቻት። ፀዳለ ድሬሰርነት ተምራ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ስትቀጠር ቤተሰቡ አልተቃወመም። የስጋ ደዌ ሕሙማንን ማገልገል ጽድቅ ነው ተባለ። ጽድቅ እስከ ሆነ ድረስ ማንም ቅር አላለውም። ተመልከቱ እንግዲህ! ቁስሉን ስታጥብ የጻድቅ ሥራ ነው፤ ቁስለኛውን ብታፈቅር ግን ውርደት ነው።

ወዬሳ ከሆለታ ወዲያ የመጣ የገበሬ ልጅ ነበር። በሽታውን ክኒኑ አጥፍቶለታል፤ ሐኪሙም «ነጻ ነህ፣ ለማንም አታስተላልፍም» ብሎ አሰናብቶታል። በሽታው ግን ሲሄድ የጣቶቹን መዘርጋትና የእጆቹን ስሜት ይዞ ሄደ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ፤ እሳትም እሾህም ቢነካቸው አያውቁም። መሄጃ ስላልነበረው እዚያው የሆስፒታሉን አትክልት ሲንከባከብ ቀረ። አንድ ቀን የጋለ ድስት አንሥቶ መዳፉ ተልጦ መጣ። ፀዳለ ቁስሉን እያጠበች ቀና ብላ አየችው። ፈገግ ብሎ ያያታል።

«አያምህም እንዴ?» አለችው።

«እጄን አያመኝም። አንቺ ፊትሽን ስታኮማትሪ ግን ያመኛል።»

በዚህ አለቀ። የቀረው ዓመታት የፈጀ ዝርዝር ነው። በሁለት ምስክር ተጋቡ። ቀኛዝማች «ልጅ አልወለድኩም» አሉ። ሲሞቱም ፀዳለ ከአጥር ውጭ ቆማ አለቀሰች። ጽጌማርያም ከድንኳኑ ውስጥ አየቻት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቀድማ ያቀረቀረችው ጽጌማርያም ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ፀዳለ ግን በሰው መካከል ሳለች እንኳ ያቺን ያቀረቀረች አንገት ስንት ጊዜ አስባታለች።

*

አሁን ወደ ዘንድሮው ጥቅምት እንምጣ።

ከጎናቸው የምትኖረው ኮከብ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፋችውን ይዛ አስኮ ድረስ ወደ ደንበኞቿ ቤት ስትሄድ፣ ፀዳለ ከሁሉ ያማረውን ካዝሚር በቅርጫት ታስይዛታለች። «ለአስኮዋ ወይዘሮ ስጪልኝ። ስሜን ግን አትጥሪ፤ ከጎረቤት ነው በያት» ትላታለች። የአስኮዋ ወይዘሮ ጽጌማርያም መሆኗን ኮከብ ስሟን ከጠራችበት ቀን ጀምሮ ፀዳለ ታውቃለች። ሦስት ዓመት እኅቷን በምስጢር አበላች። ቅርጫቱም አንድ ቀን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና። አንዴ በሶ፣ አንዴ ሽምብራ ይዞ ይመለሳል። ዘንድሮ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ መጣ። ኮከብም «የሚበላ አይደለም ብለዋል፤ እጅ ይቀቡበት ብለዋል» ብላ ሰጠቻት።

ጥቅምት ሃያ ስድስት ከሰዓት በኋላ፣ ኮከብ በጥድፊያ መጣች።

«እማማ! የአስኮዋ ወይዘሮ ነገ ለመድኃኔዓለም እዚሁ ያስቀድሳሉ። ከቅዳሴ መልስ ወደዚህ ይመጣሉ።»

«ወደዚህ? ምን ልታደርግ?»

«ያን ካዝሚር የተከለውን እጅ ሳልስም አልሞትም አሉ። እኔ ምን ልበል? እሺ አልኩ።»

ፀዳለ የያዘችውን መኮትኮቻ ጣለች። ወዬሳ ከዛፉ ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

ማታ ማታ የሁለቱ የሆነ አንድ ሥርዓት አላቸው። ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘቀዝቅ ፀዳለ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ታቀርባለች። ወዬሳ እጆቹን ይነክራል። ከዚያ አውጥታ ታደርቃቸውና በብርሃኑ ፊት እያገላበጠች ታያቸዋለች። የማይሰማ እጅ ቁስሉን አይናገርም፤ የሚያይለት ዓይን ይፈልጋል። ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ሳታደርግ የመሸባት ቀን የለም። እኔ ስለ ፍቅር ብዙ ሰምቻለሁ፣ ብዙም አንብቤአለሁ። የሰው ልጅ ሥቃይ በሌላ ሰው ፊት ላይ ሲሰማ ግን ከዚህ ቤት በቀር የትም አላየሁም።

«ዛሬስ ምን አገኘሽ?»

«የሎሚ እሾህ። ጉድ! ይህን ያህል ገብቶ?»

«ሰላም ሊለኝ ነው።»

«ደግሞ ይቀልዳል። ቢያመረቅዝስ?»

«እኔ መቼ ሰማሁት? የሰማሽው አንቺ ነሽ። ይኸው ፊትሽ ላይ አየሁት።»

ሳቀች። እሾሁን በወረንጦ ነቀለችው። ከአስኮ የመጣውን ቅቤ ፈትታ፣ በመዳፉ ላይ ማሸት ጀመረች። ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ወዬ… ነገ…»

«ነገ እንሰቱ ጀርባ ነኝ። አውቃለሁ።»

«ለትንሽ ጊዜ ብቻ። እስክትሄድ።»

ወዬሳ ዛፉን ቀና ብሎ አየ። ፍሬዎቹ በጀምበሯ ብርሃን ወርቅ መስለዋል።

«ፀዱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስንት ዘመን በሩ ሲንቋረር ተነሥቼ ሄጃለሁ። አንድ ቀን ‹ቆይ› ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«መታየት የምትጠላ መስሎኝ ነው…»

«እኔ? እኔ ሰው የምወድ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ፍሬ በደረሰ ጊዜ ‹ማን ተከለው› ሲሉሽ ‹እኔ ነኝ› አልሽ። ሰምቼሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው መሄድ የጀመርኩት። አፍረሽብኛል ማለት ነው። አልቀየምም፤ ማንም ያፍራል። ብቻ ንገሪኝ። አፍረሽብኝ ነው?»

ፀዳለ ከንፈሯን ነከሰች። ልትነግረው የማትችለው አንድ ነገር ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን በሆዷ ይዛው ኖራለች፤ አውጥታ ከምትሰጠው ብትሞት ትመርጣለች። ዝም አለች።

ዝምታዋን አዎን ነው ብሎ ተረጎመው። ገና ግማሹ ብቻ ቅቤ የነካውን እጁን ቀስ አድርጎ ከእጇ ውስጥ አወጣ። ይህን ሲያደርግ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ፀዳለ መዳፏ ላይ የቀረውን ሙቀት ጨብጣ፣ ሳፋው አጠገብ እንደ ተቀመጠች ውሃው በረደ።

*

በማግሥቱ ቅዳሴ አልቆ ምእመናን ቁልቁል ሲወርዱ፣ የፀዳለ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። የአስኮዋ ወይዘሮ እጅ ልትስም ትመጣለች የተባለው ወሬ ሰፈሩን አዳርሷል። ነጠላ የለበሰው ሁሉ ገባ፤ እኔም ገባሁ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ሁሉም ዝም አለ።

ጽጌማርያም በኮከብ ክንድ ተደግፋ ገባች። አርጅታለች። በሌላው እጇ ከዘራ ይዛለች። ካዝሚሩ ሥር ስትደርስ ቆመችና ወደ ላይ አየች። ቅርንጫፎቹ በፍሬ ጎብጠው ሰማዩ በመካከላቸው ይታያል። ንብ ይዘምራል። አሮጊቷ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ጌታ ሆይ! በዚህ ብርድ? በቀራንዮ መሬት?» አለች።

ከዚያ ዓይኗን ከዛፉ አውርዳ ፀዳለን አየቻት። ፀዳለ እኅቷ የምትደነግጥ፣ የምትጮህ፣ ፊቷን የምታዞር መስሏት ነበር። ጽጌማርያም ግን አልደነገጠችም።

«ደህና ነሽ፣ ፀዱ?» አለቻት።

የዚያን ሁሉ ዘመን ዝምታ የሰበረው ይኸው ነው። ፀዳለ ሮጣ እቅፏ ልትወድቅ ስትል የእኅቷ ድምፅ አቆማት።

«የተከለው እጅ የታል? ልስመው ነው የመጣሁት።»

ሕዝቡ ወደ ፀዳለ ዞረ። ምላሷ የለመደውን ያውቃል። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆሟል። እጇን ብትዘረጋ እኅቷን ታገኛለች። የልጅነት ፀጉሯን የጎነጎነው ጣት ይነካታል። ከዚህ የበለጠ ምን ፈልጋ ታውቃለች?

ወደ ኋላዋ ዞር አለች። በእንሰቱ ቅጠሎች መካከል ሁለት ዓይኖች ያዩዋታል። አይለምኑም፣ አይወቅሱም። ብቻ ያያሉ።

«ወዬ!» ብላ ጮኸች። «ና! ካዝሚር ቅጠፍና ና!»

ወዬሳ ወጣ። ከሰው ፊት መሰላሉን ወጣ። አንዱን ፍሬ በሁለት መዳፉ መካከል አቅፎ፣ ወፍ እንደ ያዘ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ሲያዞረው ፍሬው ለቀቀለት። ያን ጊዜ ምልክት የሌለው ለምን እንደ ሆነ ገባኝ። እነዚያ ጣቶች መጫን አይችሉም። የሁላችን እጅ የሚያጠቁረውን ፍሬ፣ እኛ የምንሸሸው እጅ ነው ንጹሕ አድርጎ የሚያወርደው። እኔ በቀላሉ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። በዚያ ቅጽበት ግን ጭንቅላቴን ገልጬ መቆም ነበረብኝ።

ፍሬውን በመዳፎቹ ይዞ መጣና ከፀዳለ ጎን ቆመ።

«ይህ ባሌ ነው» አለች ፀዳለ። «ግድግዳውን የካበው፣ ዛፉን የተከለው፣ የቀጠፈውም እሱ ነው። እኔ ዋሽቻችኋለሁ። ለምን እንደ ዋሸሁ ደግሞ እሱ ራሱ ዛሬ ይስማ። የመጀመሪያው ፍሬ የደረሰ ጊዜ ቅርጫቱን በር ላይ ሰቀልነው። አንድ ሰው አነሣ። ወዬሳን በአጥሩ ቀዳዳ አየው፣ እጆቹን አየ። ቅርጫቱን እንዳለ ወንዝ ውስጥ ደፋው። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ትኮተኩት ነበር። እኔ ቁልቁል ወርጄ አንድ በአንድ ከጭቃው ለቀምኳቸው። ‹ሰው ሁሉ ወሰደው፣ ወደዱት› ብዬህ ገባሁ። አንተም ደስ ብሎህ ስትዘፍን አመሸህ።»

ወዬሳ ፊቱ ተለዋወጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እጅህ ላይ የተሰካውን እሾህ ሁሉ ነቅያለሁ። ያንን ግን ነቃይ የለውም። በእጄ ልቤ አልቆረጠም ልሰካብህ። አላፈርኩብህም ወዬ! ሰው እንዲያፍርብህ አልፈልግም ነበር።»

«እኔን ነው የሸሸግሽ ብዬ…» አለና አልጨረሰም። እሷም ከሥር በእጆቿ እጆቹን ደገፈች። ሰው ባይኖር የሚሳሳሙ ይመስላሉ። ኧረ ሰው እያለም!

ጣልቃ የገባችው ሰርኬ ናት፤ ማዶ ያለችው፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ጎረቤታቸው።

«እንግዲህ ጨርሳችሁ ከሆነ እኔም ልናገር» አለች። «እማማ፣ ማን ቀጠፈው ብለን የምናምን መስሎዎት ነበር? እርስዎ? ከቆጥ ዶሮ ለማውረድ የእኔን ባል የሚጠሩ ሴት መሰላል ይወጣሉ?»

ሳቅ ፈነዳ። ኮከብም በሳቅ መካከል እንባዋን ጠረገች።

«ደግሞ አባባ ወዬሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን የሚያህል ነጭ ጋቢ በእንሰት ቅጠል ይደበቃል እንዴ? ልጆቼ እንኳ ‹የእንሰቱ አባባ› ነው የሚሉዎት። እናውቃለን። ሁላችንም እናውቃለን። አውቀን ነው የምንበላው።»

ወዬሳ ፀዳለን አያት፤ ፀዳለም ወዬሳን። ይህን ሁሉ ዘመን የተደበቁት ከማን ነበር? እኔ ግን እዚህ ላይ አልሳቅሁም። አውቀው መብላታቸው ግሩም ነው፣ እጅ ነስቻለሁ። አውቀው ዝም ማለታቸውን ግን ደግነት ነው ብሎ የሚነግረኝ ካለ እፋለመዋለሁ። አንድ ሰው፣ አንዲት ቀን፣ «አባባ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ይውጡ» ቢል ምን ነበረበት? ፍሬውን በአደባባይ የበላን፣ እጁን በሹክሹክታ የምናውቅ ሕዝብ ነን።

ወዬሳ ፍሬውን ወደ ጽጌማርያም ዘረጋ። «ይቅመሱ፣ እመቤቴ» አለ በዝግታ።

ሳቁ ጠፋ። ጽጌማርያም አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗ የታጠፉት ጣቶች ላይ ነው። ወደ ሰዉ ዞር ብላ አየች። ስንት ዓይን እንዳለ አየች። ልክ በድንኳኑ ውስጥ እንዳደረገችው፣ አንገቷ ዝቅ ማለት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ፀዳለ የወዬሳን መዳፎች ያየችው። ትናንት ማታ የተቀባው ግማሹ እጅ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ቅቤው። ያ የማይበላው ቅቤ። አንዲት ወይዘሮ አትክልተኛ ለሆነች ጎረቤት እህል ትልካለች፣ ጨርቅ ትልካለች። እጅ መቀቢያ የሚልክ ግን እጁ ተሰንጥቆ የማይሰማው ሰው እንዳለ የሚያውቅ ነው። አሮጊቷ እኅቷን ስታይም አልደነገጠችም!

ፀዳለ የባሏን እጅ ሳትለቅ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

«ቀና በይ፣ እታለም! ዛሬ አታቀርቅሪም። እኔ ዋሽቼ ነበር፣ በሰው ፊት ተናገርኩ። እነዚህም ዝም ብለው ነበር፣ በሰው ፊት ተናገሩ። የቀረሽው አንቺ ነሽ። እጅ ልስም መጣሁ ብለሻል፤ እጁ ይኸው። ያ ቅቤ ለማን እጅ ነበር? ሦስት ዓመት ስትበዪ የማን እጅ እንደ ቀጠፈው ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም? ካላወቅሽ አላወቅሁም በይና በመጣሽበት ተመለሺ። ካወቅሽ ግን ጆሮዬ ላይ አትንገሪኝ፣ ማልቀስም አያድንሽም። እዚሁ፣ ከመድኃኔዓለም በወረደው ሕዝብ ፊት፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ መልሺልኝ!»